የቦሌ ሁለት በሮች

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደጅ ሥራ ፍለጋ የሚሄድና ሥራ አጥቶ የሚመለስ ይተላለፋሉ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳውዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት ስለ ጀመረ፥ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለቤተ ሰብ የሚልኩት ገንዘብ ተቋረጠ፤ እነርሱም እንደ እኛ ካሉ ወጣቶች ጋራ ሥራ ፈላጊዎች ሆኑ።

በዚያው ዘመን አካባቢ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ። በዚያ የሚሰፋው ልብስ አጎዋ በተባለው ሕግ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሰብአዊ መብት ተጥሷል ብላ ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል አወጣች። አንዳንድ ገዢዎች ትእዛዛቸውን ቀነሱ፤ ሠራተኞችም ተሰናበቱ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የምታሳዝነው፥ ስፌቷ ሳይነቀፍ ቀረጥ ስለ ተጨመረበት ብቻ ከሥራ የወጣችው ከገጠር የመጣች ልጃገረድ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከፋብሪካዋ ሩቅ አይደለም።