ከዚር እስከ ስፕሊት፦ ሙቀትን ከቤት የማስወጣት ታሪክ በገዳሪፍ አገር

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አገር ወደ 700 ሜትር ገደማ ይዘቀዝቃል። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከወደቁበት ከዚህ ሥፍራ ድንበሩን ተሻግሮ፣ በጋላባት አድርጎ ገዳሪፍ ሲደርስ፣ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ይደርሳል። የአገሩ ሕዝብ ይህን ሙቀት በምን ብልሃት ተቋቋመው?

የመጀመሪያው ብልሃት የሸክላ ነው። ዚር የሚባለው የውሃ ጋን ውሃውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ያወዛል፤ የወዛውም ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል። ራኩባ የሚሉት ዳስ ፀሐይን ከልክሎ ነፋስን ያሳልፋል። የጎጆው ወፍራም የሣር ክዳንም ትኩሳቱን ያግዳል።

ኤሌክትሪክ ሲገባ የዚሩ ብልሃት ወደ ቆርቆሮ ሣጥን ተዛወረ፤ ይኸውም በረጠበ ጭድ መካከል አየር እየሳበ ወደ ቤት የሚነፋ ማራገቢያ ነው። በደረቁ በጋ በሚገባ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ግን አየሩ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ትነቱ ይዳከማል፤ ቤቱም ይታፈናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1902 አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር የአንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት በእርጥበት እንዳይበላሽ የአየር ማስተካከያ ነደፈ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የጃፓኑ ቶሺባ ለሁለት የተከፈለ መሣሪያ አቀረበ፤ ጩኸታሙ ኮምፕሬሰር በውጭ፣ ነፋሻው ክፍል በውስጥ ሆነው በቀጭን ቱቦ ይገናኛሉ። በቱቦው የሚዞረው ፈሳሽ ቤት ውስጥ እየተነነ ሙቀት ይወስዳል፤ ውጭ ተጨምቆ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ሙቀቱን ይለቃል። ዙሩ ሲገለበጥም ቤት ያሞቃል። ስለዚህ ሕጉ ያው የዚሩ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ዚር ውሃውን ሲያጣ፣ ማሽኑ ፈሳሹን መልሶ መላልሶ መጠቀሙ፣ በምትኩም ኤሌክትሪክ መፈለጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የኢትዮጵያን የኤሌክትሪክ ኃይል በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚያደርሰው ባለ230 ኪሎ ቮልት መስመር ተመረቀ። ሆኖም ይህን የመሰለ መስመር በአጠገቡ ስላለፈ ብቻ ጎጆው መብራት አያገኝም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል። በዚያው በገዳሪፍ አገር የምትገኘው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ያረፉባት፣ በ2020ም ዳግመኛ የተከፈተችው የስደተኞች ሠፈር ኡም ራኩባ ትባላለች፤ «የዳስ እናት» ማለት ነው። በላስቲክ ድንኳን ለሚውል ሰው የጥላና የሸክላ ዕውቀት ያለፈ ታሪክ አይደለም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ስለ ትነት ስናስተምር አንድ የሸክላና አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልተን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር እናኑር። ተማሪዎች በየሰዓቱ ሙቀቱን ይለኩ፤ ልዩነቱንም ራሳቸው ያስረዱ። በጥላና በወፍራም ክዳን የተሠራ ቤት ማሽን ቢኖረው ኃይል ይቆጥባል፤ ባይኖረውም ነዋሪውን ከሙቀት ይጠብቃል።