ካናቢስ ከመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶች ጋር፦ ሳይንሱና የአገሪቱ ሕግ

ቁርጥማት በሚል የወል ስም የሚታወቀው የመገጣጠሚያ ሕመም በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች በዕድሜ የገፉ አርሶ አደሮችንና እናቶችን ከሥራ ከሚያስተጓጉሉ የጤና ችግሮች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደብረ ማርቆስና በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ሕሙማን ጸበልን፣ ባሕላዊ መድኃኒትንና ዘመናዊ ሕክምናን ጎን ለጎን ይጠቀማሉ።

በአንዳንድ የውጭ አገሮች ካናቢስ በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም ማስታገሻነት መሰጠቱ ደግሞ በውጭ ዘመድ ባሏቸው ቤተሰቦች ዘንድ ጭምር ጥያቄ የሚያስነሳ ጉዳይ ሆኗል።

ቁርጥማት አንድ በሽታ አይደለም። በአጥንቶች መጋጠሚያ ያለው ልስልስ አጥንት በዕድሜና በከባድ ሥራ ብዛት ሲሳሳ፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ፣ ወይም በሪህ ሕመም የዩሪክ አሲድ ጠጣር በመገጣጠሚያ ሲከማች ይከሰታል። ሕክምናውም እንደ መንስኤው ይለያያል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ሲያስታግሱ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ግን ሁለተኛውን ዓይነት በሽታ ራሱን ይገታል።

ካናቢስን በተመለከተ በብሪታንያ በ58 ሕሙማን ላይ ለ5 ሳምንታት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከዕፁ የተዘጋጀ በአፍ የሚረጭ መድኃኒት ሕመምን መጠነኛ በሆነ ደረጃ እንደቀነሰና እንቅልፍን እንዳሻሻለ አመልክቷል። ይሁን እንጂ ጥናቱ አነስተኛና አጭር ነበር፤ መድኃኒቱ መገጣጠሚያን ከጉዳት እንደሚታደግም አላረጋገጠም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም፣ ካናቢስን ለሕመም ማስታገሻነት በጥቅሉ እንደማይደግፍ አስታውቋል።

ከመደበኛ መድኃኒቶች ጋር መደባለቁም የራሱ አደጋ አለው። በዕፁ ውስጥ ያለው ሲቢዲ የተባለ ንጥረ ነገር ዋርፋሪን የተሰኘውን የደም ማቅጠኛ ኃይል በመጨመር መድማትን ሊያስከትል ይችላል። ሜቶትሬክሴትም ሆነ ሲቢዲ ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው። ቲኤችሲ የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር ደግሞ እንደ ትራማዶል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ድብታና ማዞርን ያባብሳል፤ ይህም አረጋውያንን ለመውደቅና ለአጥንት ስብራት ያጋልጣል።

በኢትዮጵያ ለመገጣጠሚያ ሕመም የተፈቀደ የካናቢስ መድኃኒት የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል። ዕፁ በውጭ አገር በሐኪም ትእዛዝ የተገዛ መሆኑም ብቻውን ወደ አገር ለማስገባት መብት አይሰጥም።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 የድጋፍ፣ በ25 የተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን እ.ኤ.አ. የ1961 ስምምነት እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚያደርግበት አራተኛው ሠንጠረዥ አውጥቶታል። ሆኖም ዕፁ አሁንም በአንደኛው ሠንጠረዥ ሥር በቁጥጥር ላይ ነው። ውሳኔው የየአገሩን ሕግ የሚሽር አይደለም። ከአፍሪካ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና የሚውል ካናቢስ የማምረት ፈቃድ በመስጠት ቀዳሚ ሆናለች።

ለሕሙማን የሚበጀው ሕጋዊ የሆነውን ሕክምና በሚገባ መጠቀም ነው። በዚህም ረገድ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ኤናላፕሪልን ከመሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ ደግሞ የኩላሊት ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ስለሆነም ሕሙማን የሚወስዱትን ማንኛውንም ቅመም፣ ዘይትም ሆነ ኪኒን ለሐኪማቸው በግልጽ መናገር ይገባቸዋል። የጤና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህንኑ ሳይነቅፉ መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ ነቀፋ የፈራ ሕመምተኛ የወሰደውን ይደብቃልና።