ስለ ተማሪዎች የፍቅር ታሪክ

ብዙ ወላጆች ልጃቸው የፍቅር ታሪክ ሲያነብ ባዩት ጊዜ መጽሐፉን ነጥቀው ይደብቁታል። ቍጣቸው ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በአንድ ነገር ላይ ከመፍረድ በፊት አመጣጡን መመርመር ይገባል እላለሁ። ስለዚህ ቀላልና አስደሳች የሆነው የተማሪዎች የፍቅር ታሪክ በአሜሪካ እንዴት እንደ ተወለደ በአጭሩ እገልጻለሁ፤ ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1900 ዓ. ም. በአሜሪካ ከ17 ዓመት ወጣቶች መካከል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጨርሱት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ1940 ግን ግማሽ ያህሉ ጨረሱ። ቀድሞ በልጅነቱ ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ ይገባ የነበረው ወጣት፥ አሁን ወንዱም ሴቷም በአንድ ክፍል አብረው ይውሉ ጀመር። ስለዚህ ሕፃንም አዋቂም ያልሆነ አዲስ አንባቢ ተገኘ።

በ1942 በአየርላንድ ተወልዳ በዊስኮንሲን ያደገችው ሞሪን ዴሊ፥ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለች «ዐሥራ ሰባተኛው በጋ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች። አንጂ የተባለች ልጅ ከዳቦ ጋጋሪ ልጅ ከጃክ ጋር አንድ በጋ በደስታ ታሳልፋለች፤ በመጨረሻም እርስዋ ወደ ኮሌጅ ስትሄድ ይለያያሉ። ፍቅር ትምህርትን አላስጣላትም።

በ1956 ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረችው ቤቨርሊ ክሊሪ «ዐሥራ አምስት»ን አወጣች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስታን የተባለው ልጅ ሥራው ለውሾች የሚሆን የፈረስ ሥጋ በመኪና እየዞረ ማደል ነው! ጄን የተባለችው ልጅ ግን በሥራው አልናቀችውም። ይልቁንም የሌላይቱን ቆንጆ ተማሪ አካሄድ ለመምሰል ስትደክም ቆይታ፥ የሚሻላት እንደ ራስዋ ሆና መኖር መሆኑን ተረዳች። አንባቢው እየሳቀ ይህን ይማራል።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ወደ ንግድ አዘነበለ። በ1983 ፍራንሲን ፓስካል «ስዊት ቫሊ ሃይ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረች፤ ሐሳቡን እርስዋ ስታወጣ አብዛኛውን የጻፉት ሌሎች እጆች ናቸው። መንትያዎቹ ባለታሪኮች መልካቸው እንከን የለሽ ተደርጎ ተሥሏል። ብዙ ልጆች ማንበብን የወደዱት በእነዚህ መጻሕፍት ነውና ጥቅማቸውን አልክድም፤ ነገር ግን መልኳን በመስታዋት አይታ ከእነርሱ ጋር ያስተያየች ልጅ ሳታዝን አትቀርም።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ቀላል መጽሐፍ ሁሉ ከንቱ ነው አልልህም። መጽሐፉን ስትዘጋ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ይኸውም፦ ይህ ታሪክ ሰውን በጠባዩ እንድመዝን አስተማረኝ ወይስ በመልኩ? ወላጆችም መጽሐፉን ከመንጠቅ ይልቅ ይህንኑ ጥያቄ ከልጃቸው ጋር ቢጠይቁ ይሻላል፤ የተደበቀ መጽሐፍ በስውር መነበቡ አይቀርምና።