የባሕሩ ዘውዴ ወግ አጥባቂዎች

ከእንጦጦ ጀርባ የተንጣለለውን የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሰላሌ የሚዘልቀው መንገድ ፍቼ ያደርሳል። ፍቼ የራስ ካሣ ኃይለ ዳርጌ ከተማ ነበረች። ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም ከተያዙ በኋላ በራስ ካሣ ጠባቂነት የታሰሩትም እዚያው ነው፤ በ1924 ዓ.ም አምልጠው እንደገና እስኪያዙ ድረስ።

ራስ ካሣ በ1903 ዓ.ም ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ኢትዮጵያን ወክለው ለንደን ድረስ ሄደዋል። አውሮፓን በዓይናቸው አይተው ቢመለሱም በሃይማኖትና በሥርዓት ጉዳይ የማይናወጡ ወግ አጥባቂ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በሥልጣን ትግሉ የቆሙት ከለውጥ ፈላጊው ከራስ ተፈሪ ጎን ነው። የዘመኑን ፖለቲካ «ተራማጅ» እና «አድኃሪ» ብሎ በሁለት ለሚከፍል ሰው ራስ ካሣ የሚመቹ አይደሉም።

ይህን ዘመን በጥልቀት ከመረመሩት ታሪክ ጸሐፊዎች ቀዳሚው ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በኢትዮጵያና በሱዳን ግንኙነት፣ በምዕራቡ ድንበር ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሲመሩና በማኅበራዊ ጥናት መድረክ በዋና ዳይሬክተርነት ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሚደረገውን ክርክር ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ መሥራች አባልም ናቸው።

በስፋት የሚታወቁበት ሥራ የለውጥ ሰዎች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት መጽሐፍ እነ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴንና ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የመሰሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ምሁራንን ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ አወጡ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የለውጥ ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ተብለው ይቀሩ ነበር። እርሳቸው ግን «ሀብቴ አባ መላ» በሚለው የአማርኛ መጽሐፋቸው ወደ ሌላው ወገን ዞሩ፤ ከጦር ምርኮኛነት ተነሥተው አገር እስከ መምራት የደረሱትን የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ሕይወት ጻፉ።

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ያዙ። በ1909 ዓ.ም በሰገሌ የልጅ ኢያሱን አባት ንጉሥ ሚካኤልን ድል ያደረገውን የሸዋ ጦር መሩ። በ1910 ዓ.ም መሐል ሰፋሪ የሚባለው ጦር አድሞ ሚኒስትሮቹን ሁሉ ሲያሽር ከቦታቸው ያልተነቃነቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያም ንግሥት ዘውዲቱ ዘውዱን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነቱንና የውጭ ጉዳዩን፣ ፊታውራሪው ጦሩን ይዘው አገሪቱ በሦስት ሰዎች ሚዛን ቆመች።

ለታሪክ ጸሐፊ አስቸጋሪው ነገር ወግ አጥባቂዎቹ በአብዛኛው መጽሐፍ አለመጻፋቸው ነው። ገብረ ሕይወት ስለ ግብር፣ ስለ ንግድና ስለ መሬት ያሰበውን ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ እናነበዋለን። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚያምኑበትን ግን በጽሑፍ አልተዉልንም። ፍርዳቸውና ብልሃታቸው በሰው አፍ ሲነገር ኖሯል፤ ሥራቸው ደግሞ በዜና መዋዕልና በውጭ ሌጋሲዮኖች ሪፖርት ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ከእንዲህ ያለ ምንጭ ተነሥቶ የአንድን ሰው አሳብ መልሶ ማቆም ከምሁር መጽሐፍ ማንበብ ይከብዳል።

ድካሙ የሚካሰው ግን እዚህ ነው። የገብረ ሕይወት አሳብ በሳል ነበር፤ ጦር ግን አልነበረውም። ፊታውራሪው ጦር ነበራቸው፤ ስለዚህም የለውጡን ፍጥነት የሚወስኑት በብዙ መልኩ እርሳቸው ነበሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም በተከታታይ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስና ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሞቱ የድሮው ወገን ሁለት ምሰሶዎቹን አጣ። ራስ ተፈሪ የፊታውራሪውን ጦርና ርስት ጠቀለሉ። በ1920 ዓ.ም ወግ አጥባቂው ደጃዝማች ባልቻ ተሻሩ፤ በመስከረም 1921 ዓ.ም ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም በተፈሪ ላይ ያመፁት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ወደቁ፤ በቀናት ልዩነት ንግሥቲቱም ዐረፉ።

ለውጡ ፈጠነ። ይሁን እንጂ የጨመረው ትምህርት ቤቱና መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ሥልጣንም አብሮ ጨመረ። ምሁራኑ ተስፋቸውን ሁሉ በተፈሪ ላይ ጥለው ነበርና ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ተፈሪን የሚገድብ ኃይል በጠፋ ጊዜ እነርሱም አቅም አጡ። ሀብተ ጊዮርጊስን የለውጥ እንቅፋት ብቻ አድርጎ የሚያይ አንባቢ ይህን ሁለተኛ ገጽ ይስታል፤ እንቅፋት የተባሉት ሰው የሥልጣን ልጓምም ነበሩ።

ይህ ማለት የድሮው ሥርዓት ይመለስ ማለት አይደለም። ገባሩን የሚጨቁን፣ ባሪያ የሚያሳድር ሥርዓት ነበር። ነገር ግን አንድ ፖሊሲ ለምን እንደ ከሸፈ ወይም እንደ ሰመረ ለማወቅ የደገፉትን ብቻ ሳይሆን «አይሆንም» ያሉትንም መስማት ያስፈልጋል፤ ለዚህም በየቤቱ የቀረ ወረቀት ይረዳል። ዛሬ ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላ መልኳ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በሰላሌና በሱሉልታ አባወራዎች ሳጥን ውስጥ የቆየ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ወረቀት ወይም ደብዳቤ ካለ ቤቱ ሳይፈርስ ቅጂው ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይድረስ። የነገው ታሪክ ጸሐፊ ያልጻፉትን ሰዎች የሚያገኘው በእንዲህ ያለው ወረቀት ነው።