ከፎረስታል ወረቀቶች የመጨረሻዋ ገጽ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ወራሹ የሚረከበው ሰውየውን ነው ወይስ ወረቀቱን ብቻ? ተረቱ ይህን አይነግረንም። ይህን ጥያቄ በልቤ የተከለብኝ የአንድ አሜሪካዊ የግል ሰነዶች ታሪክ ነው። ሰውየው ቦንድ ሻጭ ነበር፣ የባሕር ኃይል መኰንን ነበር፣ የትልቅ ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር፣ በመጨረሻም ሚኒስትር ሆነ። ከእጁ የወጣች የመጨረሻዋ ወረቀት ተብላ የምትጠቀሰው ግን ቦንድም ትእዛዝም አይደለችም፤ ግጥም ናት። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጄምስ ቪንሰንት ፎረስታል በ1892 በኒውዮርክ ግዛት፣ ማትዋን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የፈለሰ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ጽኑ ካቶሊክ የነበረችው እናቱ ልጇ ካህን እንዲሆንላት ትመኝ ነበር። ልጁ ግን ካህን ሳይሆን ጋዜጠኛ ሆነ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በኋላ በአካባቢው ጋዜጦች በዘጋቢነት ሠራ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ጋዜጣ መርቶ፣ ጓደኞቹም ከሁሉ በላይ የሚሳካለት እሱ ነው ብለው ድምፅ ሰጥተውት፣ በ1915 መመረቂያው ሲቃረብ ዲግሪውን ሳይቀበል ወጣ። ከፕሪንስተን ጋር ያለው ግንኙነት ግን በዚህ አላበቃም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1916 በዎል ስትሪት ከሚገኝ አንድ የመዋዕለ ንዋይ ባንክ ገብቶ ቦንድ መሸጥ ጀመረ። አሜሪካ በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ በባሕር ኃይል ተመዘገበ፤ የአውሮፕላን አብራሪነት ሠለጠነ፤ የአገልግሎቱን ዘመን ግን በአብዛኛው በዋሽንግተን፣ በባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት አሳለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ባንኩ ተመለሰ። ዲሎን ሪድ የተሰኘው ይህ ባንክ በ1925 የዶጅን የመኪና ፋብሪካ በ146 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሲገዛ የዎል ስትሪት ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ወደ ክራይስለር ሲዛወር ከነገሩ አቀናባሪዎች አንዱ ፎረስታል ነበር። በ1938 የባንኩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1940 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወደ ዋሽንግተን ጠሩትና የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር አደረጉት። የተሰጠው ሥራ የባንክ ሰው ሥራ ነበር፦ ውል መፈራረም፣ ፋብሪካ ማነቃነቅ፣ ብረትና ገንዘብ ወደ መርከብነት እንዲለወጡ ማድረግ። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ6,000 በላይ መርከቦች ነበሩት። ሚኒስትሩ ፍራንክ ኖክስ በ1944 ሲሞት ፎረስታል በቦታው ተተካ። በመስከረም 1947 ደግሞ የመጀመሪያው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

የወረቀቶቹ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ፎረስታል ከ1944 ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ማስታወሻው ግን እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በዚህ ስም የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ሻማ ለኩሶ፣ ራሱን ጠይቆ፣ በገዛ እጁ የጻፈው አይደለም። ሚኒስትሩ እየተናገረ በታይፕ የተመታ፣ በክላሰር የታሰረ ወረቀት ነው። በውስጡ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የስልክ ንግግር፣ የደብዳቤና የቴሌግራም ግልባጭ ይገኛል። በየካቲት 1946 ጆርጅ ኬናን ከሞስኮ የላከው፣ በኋላ “ረጅሙ ቴሌግራም” የተባለው ሰነድ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ገብቷል። ፎረስታል ቴሌግራሙን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፤ እያባዛ ለባለሥልጣናትና ለመኰንኖች በተነው። ኬናን በሐምሌ 1947 ስሙን ደብቆ ያሳተመውና የቀዝቃዛውን ጦርነት አቅጣጫ የተለመው ጽሑፍም መጀመሪያ የተሰናዳው ለፎረስታል የግል ንባብ ነበር። የአንድን ዘመን ፖለቲካ የለወጠ ወረቀት ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተነሣ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በል። የሁሉም ሰው ቃል አለ። ፕሬዚዳንቱ ያሉት አለ፤ ጄኔራሉ የመለሰው አለ፤ አምባሳደሩ የጠረጠረው አለ። የማስታወሻው ባለቤት ስለ ገዛ ልቡ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ልጆቹ፣ እናቱ ስላወረሰችው እምነት የሚለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እኛ የባንክ ሠራተኞች የሒሳብ መዝገብን እናውቃለን። ገቢውና ወጪው እኩል ሆኖ ሲዘጋ ደስ ይለናል፤ መዝገቡ ግን ገንዘቡን ያስገባው ሰው በዚያ ቀን አዝኖ ይሁን ተደስቶ አይነግረንም። ይህ የመዝገቡ ጉድለት አይደለም፤ መዝገብ ለዚያ አልተፈጠረምና። የፎረስታል ማስታወሻም እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

መዝገቡ የማይናገረውን ግን ታሪኩ ያሳየናል። ፎረስታል የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሳለ ሦስቱ የጦር ክፍሎች በአንድ ጠንካራ ሚኒስትር ሥር እንዳይጠቃለሉ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ በከፊል ተሳካለትና የመከላከያ ሚኒስትሩ ሥልጣን ደካማ ሆኖ ተቀረፀ። ከዚያም ፕሬዚዳንት ትሩማን በዚያው ወንበር ላይ እሱኑ አስቀመጡት። የባሕርና የአየር ኃይል አዛዦች በበጀትና በመሣሪያ ሲሻኮቱ፣ ራሱ ባጠበበው ሥልጣን መካከላቸው ቆሞ ሊያስታርቅ ደከመ። በፍልስጤም ጉዳይ የያዘው አቋምም ጠላት አበዛበት። የአረብ አገሮች ነዳጅና የጦር ሠፈር ያሳስበው ስለነበር ክፍፍሉን ተቃወመ፤ ድሩ ፒርሰንና ዋልተር ዊንቸል በጋዜጣና በሬዲዮ ዘመቱበት። የሚኒስትሩ ሥልጣን እንዲጠናከር በመጨረሻ ራሱ ሐሳብ አቀረበ፤ ሕጉ የተሻሻለው ግን በነሐሴ 1949፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

በመጋቢት 1949 ትሩማን ሥልጣኑን እንዲለቅ ጠየቁት፤ በወሩ መጨረሻ ለተተኪው አስረከበ። በቀናት ውስጥ ከባድ የድብርት ሕመም ላይ ወድቆ ቤተዝዳ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ገባ። በግንቦት 22 ቀን 1949 ሌሊት፣ ተኝቶ ይታከምበት ከነበረው ከ16ኛው ፎቅ ወድቆ ሞተ። የ57 ዓመት ሰው ነበር።

በክፍሉ ውስጥ የማርክ ቫን ዶረን የዓለም ግጥሞች መድበልና የተገለበጠ ግጥም የያዘ ወረቀት እንደተገኘ ተነገረ። ግጥሙ ሶፎክልስ ስለ አያክስ ከጻፈው ተውኔት የተወሰደ ዝማሬ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው የ19ኛው መቶ ዘመን ገጣሚ ፕሬድ ነው። አያክስ በትሮይ ጦርነት ከታላላቆቹ አንዱ የነበረ፣ የሚገባው ክብር ለሌላ ተሰጥቶበት አእምሮው የታወከ ጀግና ነው። በተውኔቱ ውስጥ የሚዘምሩት የሱ መርከበኞች ናቸው። ከአገራቸው ከሳላሚስ ርቀው፣ የአለቃቸውን መታመም እያዩ ያለቅሳሉ፤ ስለ አሮጊት እናቱ ያስባሉ፤ የልጇን ነገር በሰማች ጊዜ ጩኸቷ እንደ ናይቲንጌል የለዘበ እንጉርጉሮ እንደማይሆን ይናገራሉ። ናይቲንጌል ሌሊት የምትዘምር የአውሮፓ ወፍ ናት፤ የስሟ መነሻ “ናይት” ደግሞ በእንግሊዝኛ ሌሊት ማለት ነው። ደጋግሞ በሚተረከው ታሪክ መሠረት ገልባጩ “ናይት” ብሎ ጽፎ የቀረውን የቃሉን ክፍል ሳይጽፍ ብዕሩን አስቀመጠ።

ሰምና ወርቅ ለለመደ የእኛ ጆሮ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ወፍ ሰሟ፣ ሌሊት ወርቁ! ቃሉ መካከል ላይ ተሰብሮ ኅብረ ቃል ሆነ። የባሕር ኃይል አለቃ የነበረ ሰው፣ ስለ አለቃቸው የሚያለቅሱ መርከበኞችን ቃል በሌሊት ሲገለብጥ፣ “ሌሊት” ላይ ሲደርስ ዝም አለ። የቅኔ ሰው ይህን ሰምቶ “ይበል!” ሳይል እንዴት ያልፋል? እኔም ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚነካኝ እሱ ነው።

ሆኖም ወረቀትን በወረቀትነቱ እንመርምር። የባሕር ኃይሉ መርማሪ ጉባኤ በ1949 የደረሰበት ድምዳሜ ጠባብ ነበር፦ ሟቹ የሞተው ከፍታ ላይ ወድቆ በደረሰበት ጉዳት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የድብርት ምልክት እንደታየበት፣ በባሕር ኃይሉ ባልደረቦች በኩልም ጥፋት እንዳልተገኘ። ለምን ወደቀ ለሚለው ጥያቄ ጉባኤው መልስ አልጻፈም፤ ራሱን አጠፋ ብሎ የወሰነው የአካባቢው አስከሬን መርማሪ ነው። የጉባኤው ሙሉ ሰነድ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2004፣ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። ሰነዱ ሲከፈት ክርክር ተነሣ፤ በግጥሙ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የፎረስታል አይደለም የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። በሌላ ወገን ብዙ የሕይወት ታሪክ አንባቢዎች የተሰበረውን ቃል እንደ ኑዛዜ ይቆጥሩታል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከአንዲት ገጽ ከምትችለው በላይ ይጠይቃሉ። ግጥም መገልበጥ ኑዛዜ አይደለም። የሚወዱትን ግጥም በደብተራቸው የሚገለብጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ለመጽናናት፣ አንዳንዱ እንቅልፍ እስኪመጣ፣ አንዳንዱ የሌላው ሰው ቃል ከራሱ ቃል ስለሚቀለው። የታመመን ሰው ሞት ቅኔ አድርገን ስንፈታው፣ ሕመሙን ውበት እናለብሰዋለን፤ ውበቱ ለእኛ ነው፣ ሕመሙ ግን የሱ ነበር። ያችን ገጽ አይተን ልንል የምንችለው ይህን ያህል ነው፦ አምስት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ቃል ሲያስመዘግብ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻም ከስሙ ጋር የቀረው የሌላ ሰው ቃል ነው።

የቀሩት ወረቀቶች ደግሞ ንባብ ይጠብቃሉ። ማስታወሻው ተመርጦ በዋልተር ሚሊስ አርታኢነት በ1951 ታተመ፤ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ መርምሮት አንዳንድ ክፍሎች ተቀንሰዋል። ወረቀቶቹ ዛሬ የሚገኙት ያለ ዲግሪ በወጣበት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ በመድ የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ነው። ዲግሪውን ያልወሰደበት ተቋም ወረቀቱን ተረከበ። ከሥልጣን ዘመኑ ሰነዶች መካከል በየካቲት 1946 የወጣ አንድ ትእዛዝ አለ። ጥቁር መርከበኞች በሥራ ዓይነትና በምደባ ተለይተው የሚገደቡበትን ደንብ ያነሣው ያ ትእዛዝ፣ የወጣው ፎረስታል የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ነው። ስለ ናይቲንጌል የሚያወራ መቶ ሰው ቢገኝ ስለዚህ ትእዛዝ የሚያወራ አንድ ሰው አይገኝም። በዚያ ወረቀት ምክንያት ግን ዕጣቸው የተለወጠ ሕያዋን ሰዎች ነበሩ።

በስሙ የተሰየመው ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ1955 አገልግሎት ጀመረ፤ በ1967 በቬትናም ባሕር ዳርቻ በተነሣ ቃጠሎ 134 ሰዎች አለቁበት፤ በ2013 መርከቡን ፈትቶ ብረቱን ለመለየት የተፈረመው ውል ዋጋ 1 ሳንቲም ነበር። በ146 ሚሊዮን ዶላር ውል የዎል ስትሪትን ሰው ካስደነቁት አንዱ የነበረ ሰው ስም የተጻፈበት ብረት በ1 ሳንቲም ውል ተሰናበተ።

ብረቱ ቀለጠ፤ ወረቀቱ አለ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል መባሉ በዚህ እውነት ሆነ። የወራሽ ግዴታው ግን የተረከበውን እንዳለ መጠበቅ ነው፤ ከላዩ መቁረጥም በላዩ መጨመርም አይገባውም። ግማሽ ቃል ከተረከብን ግማሽ ሆኖ ይቀመጥ። የቀረውን ሊጽፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልጻፈውም።