የንግግር ሕክምና ተማሪዎች የክሊኒክ ብቃት ምዘናና ማካካሻ

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ታካሚ ፊት ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ መመልከትና መመዘን፣ ጉድለት ሲገኝም በታቀደ ሥልጠና መሙላት በሙያው ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ሙያው የሚያገለግላቸው ሰዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፦ ዕድሜው ደርሶ አፉ ያልተፈታ ልጅ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ፣ የሚንተባተብ ወጣት፣ ስትሮክ መትቶት ልሳኑ የተዘጋ አዛውንት፣ ምግብ መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛ። ተማሪው ስለእነዚህ ሁሉ በክፍል ይማራል። ምዘናው የሚጠይቀው የተማረውን ለሚያክመው ሰው ያውለዋል ወይ ብሎ ነው።

በአፍሪካ ሥልጠናው ረጅም ዕድሜ ያለው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። በምሥራቅ አፍሪካ የዑጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ያሠለጥናል፤ የካቲት 12 ሆስፒታል ደግሞ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ጥገናና የንግግር ሕክምና የሚሰጥበት ተቋም ነው። ባለሙያው ጥቂት በሆነበት አገር አንዱ ተመራቂ የሚሄድበት ከተማ ሌላ የሙያ ባልደረባ ላይኖር ይችላል። የሚያርመው ሰው ስለማያገኝ ከመመረቁ በፊት ያልታየ ስሕተቱ አብሮት ይኖራል።

የሰዓት ቆጠራና የብቃት ልዩነት

በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የንግግር፣ ቋንቋና መስማት ማኅበር የብቃት ማረጋገጫውን ለሚፈልግ ተማሪ 400 የክሊኒክ ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 25ቱ የሌላውን ሥራ በመመልከት፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር በመሥራት የሚሞሉ ናቸው። ተቆጣጣሪው ተማሪው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ቢያንስ ሩቡን በቀጥታ ማየት አለበት፤ ለ40 ደቂቃ ሕክምና 10 ደቂቃ ማለት ነው። ከምረቃ በኋላም 36 ሳምንት የሚፈጅ የልምምድ ጊዜ ይከተላል።

ሰዓት መቁጠር ቀላል ስለሆነ ማሠልጠኛዎች ይወዱታል። የሰዓት መመዝገቢያው ሎግ ቡክ ሲሞላና ፊርማው ሲሟላ ተማሪው የጨረሰ ይመስላል። ዳሩ ግን 375 ሰዓት አንድ ዓይነት ልምምድ እየደገመ ያሳለፈና በየታካሚው ሁኔታ ዕቅዱን እየለወጠ የሠራ ተማሪ በሎግ ቡክ ላይ እኩል ናቸው።

የጽሑፍ ፈተናም ይህን ክፍተት አይሞላም። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለአዋላጆችና ለሌሎችም ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ። አሜሪካዊው የሕክምና መምህር ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. ብቃትን በአራት እርከን አስቀምጦት ነበር፦ ማወቅ፣ አሠራሩን ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ ማዋል። የምርጫ ጥያቄ ታችኛዎቹን ሁለት እርከኖች ይደርስባቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው ካልታየ አይታወቅም።

የምዘና መንገዶች

ሠርቶ ማሳየትን ለመመዘን በሰፊው የሚታወቀው ዘዴ የጤና ተማሪዎች ኦስኪ የሚሉት ነው። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ዳንዲ በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሲሆን ተማሪው በደወል ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ተግባር ይፈጽማል። ሁሉም ተማሪ እኩል ጥያቄ ስለሚገጥመው ፍትሐዊ ነው። ደካማ ጎኑ ሕክምናን ቆራርጦ ማየቱ ነው። የንግግር ሕክምና ፍሬው በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ስለሆነ በአምስት ደቂቃ ጣቢያ ላይ ጥሩ ሆኖ የታየ ተማሪ በስድስተኛው ሳምንት የሰለቸውን ልጅ እንዴት እንደሚይዝ አይታወቅም።

በዕለት ሥራ ላይ የሚደረገው ምዘና የተለያዩ ቅጾች አሉት። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ቅጽ ተማሪው ተግባሩን ለመፈጸም ምን ያህል እገዛ እንዳስፈለገው እየጠየቀ ነጥብ ይሰጣል። ሐሳቡ ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ «ጎበዝ ነው» ከማለት ይልቅ «ሲነገረው ይሠራል»፣ «ሳይነገረው ይሠራል» ብሎ መጻፍ ለተማሪውም ለመዛኙም ግልጽ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የወጣው ኮምፓስ የተባለው መመዘኛ ከጀማሪ ተነሥቶ ለሥራ ብቁ እስከሚያሰኝ ደረጃ በተዘረጋ መስመር ላይ ምልክት ያስደርጋል። የሙያ ተግባራትን ብቻ ሳይሆን አመዛዝኖ መወሰንን፣ ተግባቦትን፣ ከሥራ መማርንና ሥነ ምግባርንም ለየብቻ ይመዝናል።

የትኛውም ቅጽ ቢመረጥ በአንድ ታካሚ ላይ የተመሠረተ ፍርድ አያስተማምንም። የሚንተባተብ ወጣትን በትዕግሥት የረዳ ተማሪ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ሲያገኝ ግራ ሊጋባ ይችላል። ስለዚህ የተለያዩ ታካሚዎች፣ የተለያዩ ቀናትና ከአንድ በላይ መዛኞች ያስፈልጋሉ።

ቋንቋው ሲለወጥ፦ ነቀምትና ቢላ

መመዘኛዎቹ በአብዛኛው እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች የተወለዱ ናቸው። ለምሳሌ ኦሮምኛ በሚነገርበት ወለጋ ላይ ሲደርሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈትናቸው ቋንቋ ነው።

ነቀምት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ ስትሆን የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢና የሪፈራል ሆስፒታሉ መቀመጫ ናት። የነቀምት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም በዚያው ይገኛል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የጊምቢው አድቬንቲስት ሆስፒታልና የመካነ ኢየሱሱ አይራ ሆስፒታል አሉ። ቢላ በምዕራብ ወለጋ በቦጂ ድርመጂ ወረዳ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

አዲስ አበባ የሠለጠነ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ለልምምድ ነቀምት ተመድቦ ከቢላ የመጣ የአራት ዓመት ልጅ ቀረበለት እንበል። ኦሮምኛ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ዸ ተብሎ የሚጻፍ፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር ድምፅ አለ። አማርኛ የለውም። ለጆሮው እንግዳ የሆነበት ተማሪ «ልጁ ደን ያበላሻል» ብሎ ካርዱ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ልጁ ግን በትክክል ተናግሯል። በተቃራኒው ዸን ማውጣት ያቃተው ልጅ ደ ሲል ተማሪው ችግሩ ሳይታወቀው ያልፋል። በአናባቢ ርዝመትም እንዲሁ ነው። አጭር አናባቢ ያለው «ለፈ» መሬት ነው፣ ረጅሙ «ላፋ» ለስላሳ ነው። አማርኛ ቃላትን በአናባቢ ርዝመት ብቻ ስለማይለይ ተማሪው ሁለቱን ላይለይ ይችላል። የሚያጽናናው መጥበቅና መላላት ለሁለቱም ቋንቋዎች የጋራ መሆኑ ነው፤ «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ሁለት ነገር እንደሆነ የሚያውቅ ጆሮ በኦሮምኛው «በዳ» ላይም ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ መሆኑን ቶሎ ይይዛል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ዘ እና ፐ በኦሮምኛ የሚገኙት በውሰት ቃላት ነው። በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ በአማርኛ ሲናገር ዘን ቢለውጥ ሕመም የለበትም፤ ሁለተኛ ቋንቋ እየለመደ ነው።

ላንቃው ለተሰነጠቀ ልጅ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ የመሳሰሉት በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች የተለየ ትኩረት ይሻሉ። እነዚህ ድምፆች በአፍ ውስጥ የታመቀ አየር ይፈልጋሉ፤ ላንቃው በደንብ ካልገጠመ አየሩ በአፍንጫ ያመልጣል። እንግሊዝኛ እነዚህን ድምፆች ቃል ለመለየት ስለማይጠቀምባቸው ከውጭ የተወሰደ የመፈተሻ ቃላት ዝርዝር አይጠይቅባቸውም። አበባየሁ መሰለ መኮንን በ2013 እ.ኤ.አ. ለሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት አማርኛ ተናጋሪዎችን በመመርመሩ የዚህ ዓይነት ሥራ በአገር ቋንቋ ሊሠራ እንደሚገባ ያሳየ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለምዘና ከባድ ነው። በአማርኛ «ብቁ» የተባለ ተማሪ በኦሮምኛም ብቁ ነው ብሎ መፈረም አይቻልም። ተመዛኙ ቋንቋውን የማይችል ከሆነ የሚመዘነው ከአስተርጓሚ ጋር በሚሠራው ሥራ ይሆናል፦ አስተርጓሚውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል ወይ፣ ልጁ ያለውን እንዳለ እንጂ አቃንቶ እንዳይነግረው አሳስቧል ወይ፣ ድምፁን ቀርጾ ተናጋሪው ከሆነ ሰው ጋር መልሶ ሰምቷል ወይ። አክብሮቱም በቋንቋው ይመዘናል። አማርኛ ላይ «እርስዎ» የሚል ተማሪ ስትሮክ ያገኛቸውን አዛውንት በኦሮምኛ «ኢሲን» ማለት ሲገባው «አቲ» ካለ ቤተሰቡ ያዝናል፤ ተማሪው ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም።

ከቢላ ነቀምት በየሳምንቱ መመላለስ ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቻልም። ስለዚህ ተማሪው ራሱ ልጁን ከሚያለማምድበት ችሎታ ይልቅ እናትየዋን የሚያሠለጥንበት ችሎታ የበለጠ ይመዝናል። ጥሩ መዛኝ እናትየዋ «ገባኝ» ማለቷን አይቀበልም፤ ልምምዱን እዚያው ልጇ ላይ ስትሠራው ያያል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ቀጠሮ መቅረት የተለመደ ነው፤ ይህን የተማሪው ድክመት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ቀድሞ አስቦ ቀጠሮውን ያራዘመና የቤት ልምምድ ጽፎ የሰጠ ተማሪ ግን ነጥብ ይገባዋል።

ተቆጣጣሪው አዲስ አበባ ሆኖ በኢንተርኔት እንዲከታተል ማድረግ አንድ መፍትሔ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር።

መዋጥ፦ ስሕተት የማይፈቀድበት ክፍል

አንድ ድምፅ በስሕተት ቢመዘገብ ሊታረም ይችላል። መዋጥ ለተቸገረ ሰው ያልተገባ መጠጥ መስጠት ግን ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊያስገባና ሊገድል ይችላል። የፈሳሽን ውፍረት ለመለየት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መለኪያ ቀላል ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በሲሪንጅ ይሞላል፣ 10 ሰከንድ እንዲፈስ ይለቀቃል፣ የቀረው ይታያል። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ ቀጭን ነው፤ ከ4 እስከ 8 ከቀረ በመለኪያው ደረጃ 2 ነው። በአጥሚት ይህን ሠርቶ ማሳየትና «ወፈር አድርጉት» ከማለት ይልቅ ለአስታማሚዋ በዓይኗ ማስተማር የሚችል ተማሪ ዕውቀቱን በተግባር አሳይቷል። የወለጋው ማርቃ ደግሞ ገንፎ ስለሆነ በሲሪንጅ አይለካም፤ እርሱን በማንኪያና በሹካ የሚፈትኑበት ሌላ መንገድ አለ። ይህን የማይለይ ተማሪ ያለ ተቆጣጣሪ የመዋጥ ታካሚ ሊሰጠው አይገባም።

ማካካሻ

እዚህ የሚባለው ማካካሻ በ12ኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልሞላላቸው ተማሪዎች የሚወስዱት የሪሚዲያል ፕሮግራም አይደለም። በትምህርቱ እየገፋ ያለ፣ ነገር ግን በክሊኒክ ሥራው የተወሰነ ጉድለት ለታየበት ሠልጣኝ የሚዘጋጅ የግል ዕቅድ ነው።

ዕቅዱ የሚሳካው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። ጸጥ ያለ ተማሪ ትምህርቱን ሳያውቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አውቆ ፈርቶም ሊሆን ይችላል፤ ኦሮምኛ ስለማይችል አፍሮም ሊሆን ይችላል፤ ቤት ኪራይ አልቆበት ሲጨነቅ አድሮም ይሆናል። ለአራቱም «ተጨማሪ 50 ሰዓት ሥራ» ማለት የተለመደ ነው፤ ፍሬ ያላፈራውን ልምምድ ከማስደገም የዘለለ ጥቅም የለውም። ድምፅ መለየት ላቃተው የጆሮ ልምምድ ይታዘዛል፦ የተቀረጹ 50 የኦሮምኛ ቃላትን ሰምቶ ይጻፍ፣ ከተናጋሪው ጽሑፍ ጋር ያስተያይ፣ የተለያዩትን ይድገም። መወሰን ላቃተው ታካሚውን ካየ በኋላ ያሰበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይደረጋል፤ መምህሩ ሐሳቡ የት ላይ እንደተሰናከለ የሚሰማው ያኔ ነው። የቪዲዮ ቀረጻ በታካሚው ፈቃድ ከተደረገ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ተማሪው ልጁ ሳይመልስ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መጠየቁን ራሱ ያየዋል።

በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፏ ጂን አንደርሰን የተቆጣጣሪና የተማሪ ግንኙነት ቋሚ መሆን እንደሌለበት አስረድታለች፤ መጀመሪያ ተቆጣጣሪው ይመራል፣ በመካከል ሥራውን ይጋራሉ፣ በመጨረሻ ተማሪው ራሱን ይቆጣጠራል። ማካካሻ ላይ ያለ ተማሪ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሳል፤ እዚያው የሚቀር ከሆነ ግን ዕቅዱ አልሠራም። ዕቅዱ በጽሑፍ ይሰፍራል፦ ምን ጎደለ፣ ምን ሲታይ ተስተካከለ ይባላል፣ እስከ መቼ፣ ማን ይረዳዋል፣ ካልተሳካ ምን ይከተላል። «በራስ መተማመኑን ያሻሽል» የሚል ግብ አይመዘንም። «በተከታታይ ሦስት ሕክምናዎች ለአስታማሚ የቤት ልምምድ ያስተምር፤ አስታማሚዋም እዚያው ሠርታ ታሳይ» የሚለው ይመዘናል።

ለመጣል አለመድፈር በሁሉም አገር ያለ ችግር ነው። ካትሊን ደፊ በ2003 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ በነርስ ተማሪዎች ምዘና ላይ ባደረገችው ጥናት መዛኞች ጥርጣሬ እያላቸው ተማሪን እንደሚያሳልፉ አሳይታለች። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ይጨመርበታል። መዛኙ የተማሪውን አባት ያውቃል፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ «ልጁን ጣለው» መባልን ይፈራል። ከሚመከሩት መፍትሔዎች አንዱ ችግሩን በመካከለኛው ምዘና በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ በመጨረሻው ቀን ያልተጠበቀ ውድቀት ማንንም አያስተምርም፣ ቅሬታም ያስነሣል። ሌላው ውሳኔውን ከአንድ ሰው ትከሻ ማውረድ ነው።

ማካካሻው ሲያልቅ የመጨረሻውን ምዘና ዕቅዱን ያወጣው ተቆጣጣሪ ብቻውን ባያደርገው ይሻላል፤ የደከመበት ተማሪ እንዲያልፍለት መመኘቱ አይቀርም። ቢቻል ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ሁለተኛ መዛኝ ተጨምሮ፣ ተማሪው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ታካሚ ይቀርባል። በድጋሚ ያልተሳካለት ተማሪ ልምምዱን በሌላ ተቋም ሊደግም፣ ወይም ታካሚ ወደማይታይበት የቋንቋ ምርምርና ትምህርት ዘርፍ ሊዛወር ይችላል። የይግባኝ መብቱና ውሳኔ የሚሰጠው ኮሚቴም ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል።