ስለ እንግዳ ማደሪያ ቤት፤ ከባሮ ወደብ እስከ እቴጌ ሆቴል

የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ ስለ አንድ የመንገደኛ ማደሪያ ታሪክ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በአልዌሮ ግድብ ዙሪያ ለሚኖር ሕዝብ የእንግዳና የአስተናጋጅ ነገር የራሱ ታሪክ ነው። የአገሩ ነባር ባለቤት የአኙዋ ሕዝብ ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላም አገር ተነሥተው በዚህ የሰፈሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በአገራችን እንግዳ እንዴት ይቀበሉ እንደ ነበረና የመጀመሪያው የታወቀ ሆቴል እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

በቀድሞው ዘመን መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል። ሲራራ ነጋዴ በበኩሉ ድንኳኑን ከወንዝ ዳር ተክሎ፣ በቅሎዎቹን አራግፎ፣ እሳት አንድዶ ያድር ነበር። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ደግሞ ድርጎ ይሰጠዋል፤ ይህም እንጀራው፣ ጠጁና ሙክቱ ባለፈበት አገር እየተሰበሰበ የሚቀርብለት ነው። በዚህ ሥርዓት ምግብን ለእንግዳ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ መንገደኛ ከፍሎ የሚያድርበት ቤት መሥራት ለብዙ ሰው አሳብ አልመጣም።

ከዓድዋ ድል በኋላ ግን፣ ይኸውም ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የውጭ አገር መልእክተኛና ነጋዴ በዛ። የሚመጣበትም መንገድ አንድ ብቻ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በምዕራብም በኩል ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ዳርቻ ያለው ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። ይህም የጋምቤላ ወደብ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እየወጣ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡናና ሰም ጭኖ ይመለሳል። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ ግን በበቅሎና በሰው ሸክም ዳገቱን መውጣት ግድ ነበር። ይህ ቦታ በሱዳን በኩል ሲተዳደር ቈይቶ፣ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ የመጣው መንገደኛ ዋና ከተማ የሚደርሰው በበቅሎ ተቀምጦ፣ ብዙ ቀን ተጕዞ፣ ደክሞና አቧራ ለብሶ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሆቴል የተሠራው ለእንዲህ ያለው ሰው ነበር። ሆቴሉ የምሥረታውን ዓመት 1898 ዓ.ም. ብሎ ይቈጥራል፤ የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደጁ የሚወርደው እንግዳ ከበቅሎ ጀርባ የሚወርድ ነበር።

ቦታውም በማስተዋል የተመረጠ ነው። ያን ጊዜ ዋናው የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ስለ ነበር፣ ሆቴሉ ለነጋዴም ለመልእክተኛም ቅርብ ሆነ። የአገራችን ቤት በብዙው ክብ ሆኖ፣ በምሰሶ ተደግፎ፣ በሣር ሲከደን፣ ይህ ቤት ማዕዘን ያለውና ፎቅ የተደረገለት ነው። ሰፊው የእንጨት በረንዳ ከክረምት ዝናብና ከበጋ ፀሐይ ይከላከላል፤ ተቀምጦ የሚያርፍ ሰውም መንገዱን ያይበታል። የምግብ አዳራሹ በምድር ቤት ነው፤ በእንጨት ደረጃ ወደ ላይ ሲወጡ የመኝታ ክፍሎች ይገኛሉ። ወለሉ ሳንቃ፣ ጣራው ከፍ ያለ ነውና ቤቱ አየር አያጣም።

ነገር ግን ቤቱን ከመሥራት ይልቅ ልማዱን ማስተማር ከበደ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ መኳንንቱ ለበሉበት ዋጋ መክፈል አሳፍሯቸው ሲያመነቱ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከእነርሱ ጋር ገብተው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፈሉ፤ ከዚያም ሌላው ተከተለ። እቴጌይቱ በዚህ ሥራ ሁለት ነገር አሳዩ፤ አንደኛው እንግዳን መቀበል በሥርዓት የሚመራ ሙያ መሆኑን፣ ሁለተኛውም ሠርቶ ዋጋ መቀበል ክብርን የማይቀንስ መሆኑን ነው። በወንጌልም ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን በነጻ ካዳነ በኋላ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር እንደ ሰጠ እናውቃለን፤ ርኅራኄና ክፍያ በአንድ ቤት ተገናኝተዋል።

እቴጌ ጣይቱ በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ቤቱ ግን መንግሥትም ባለቤትም ሲለዋወጥ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ኖረ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ብዙ ጕዳት አደረሰበት፤ ከዚያም ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። እንጨት የበዛበት አሮጌ ቤት በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በእኛ በኩል እንዲህ ያለ የታወቀ ሕንጻ የለንም። ሰፋሪው በመጣ ጊዜ ማደሪያ የሆነው የባለ አገሩ ምድርና ወንዝ ነው፤ ይህን ከመጤ ጋር መካፈልም ለአኙዋ ሕዝብ ቀላል ሸክም አልነበረም። ሆቴሉ በእሳት ቢጐዳም ድንጋዩና እንጨቱ ምስክር ሆነው ስለ ቀሩ መጠገን ተቻለ፤ ያልተጻፈ ውለታ ግን ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ካህናት አባቶችና ምእመናን ሆይ፣ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት በመጀመሪያው ሌሊት ማን እንዳስጠለለ፣ ውሃ ማን እንዳሳየ፣ ማንስ መሬቱን እንደ ለቀቀ፣ የሚያስታውሱት በሕይወት ሳሉ ከሁለቱም ወገን ጠይቀን በመዝገብ እናስፍር። ልጆቻችን በአንድ አገር አብረው የሚኖሩ ናቸውና የማን እንግዳ እንደ ነበሩ፣ ማንንም እንደ ተቀበሉ ሊያውቁ ይገባል።